አራተኛው የፍሪሲዮን ኬብል

ኬብሉ ለሦስተኛ ጊዜ የተበጠሰው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ የሚያውቃት ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ነው። ማዕዶት አንደኛ ማርሽ አስገብታ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጣ መብራት እየጠበቀች ሳለ ፔዳሉ ድንገት ከእግሯ ሥር ከዳትና ወለሉ ላይ ተኛ። ነጯ ቮልስ እንደ ደነገጠች ፍየል አንዴ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ።

አጠገቧ የተቀመጡት ጋሼ ሰይፈሥላሴ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«እግርሽ» አሉ።

«ጋሼ፣ መብራት ላይ ስለሆንን እኮ ነው የረገጥኩት።»

«እግርሽ ነው አልኩሽ! ፍሪሲዮን በርጩማ አይደለም፣ እግር አይጫንበትም። ስንቴ ልንገርሽ?»

ከኋላ ያሉት መኪናዎች ክላክሳቸውን አቀለጡት። ከእትዬ ወሰንየለሽ ሬስቶራንት ደጃፍ አራት አምስት ወንዶች አፋቸውን እየጠረጉ መጡ። ከፊት ከፊት የሚመሩት ጋሽ አድማሱ ነበሩ። ጋሽ አድማሱ ዕድሜያቸውን በታክሲ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራቸው በሌላ ሰው መኪና ላይ አስተያየት መስጠት ነው።

«ኧረ ማዕዶት! ዛሬም ኬብሉን በላሽው?»

«በላችው» አሉ ጋሼ በመስኮቱ።

«ይሄ እግር እኮ ለአስፋልት ሩሎ ነው የሚሆነው! ለካሊፎርኒያ መንገድ ሥራ እናከራየው እንዴ?»

ወንዶቹ እየሳቁ ገፉ። ማዕዶት ወርዳ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ በሌላው ትገፋለች። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። እንደ ታቦት ታጅበው ሬስቶራንቱ ጀርባ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ገቡና እዚያ ወረዱ። ኮታቸውን አስተካክለው የገፉትን ሰዎች በየተራ አዩ።

«ስሙኝ፤ ሦስተኛው ነው። ትዕግሥቴን ሁላችሁም አይታችኋል። ለአራተኛ ጊዜ ከተበጠሰ ቁልፌን ትመልሳለች። ሥራ ከሆነ የምትፈልገው ወሰንየለሽ ወጥ ቤት ሰው ጎድሏታል።»

እትዬ ወሰንየለሽ በጓሮው በር ላይ ቆመው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ነበር። «እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ሽርጡም ተሰቅሎ ይጠብቃታል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ማዕዶት የጋሼ ሰይፈሥላሴ የወንድም ልጅ ናት፤ የምትኖረውም እሳቸው ቤት ነው። አዳማ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምራ የመጣችው አምና ነው። እስካሁን ግሌንዴል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጣ ቲኬት ስትቀበል ከርማለች። አሁን ግን ሃውቶርን ያለ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር በየቤቱ የሚተክል ድርጅት ቀጥሯታል፤ የምትጀምረው ከሚቀጥለው ሳምንት ወዲያ ባለው ሰኞ ነው። ኢንተርቪው ላይ «የራስሽ መኪና አለሽ?» ብለው ሲጠይቋት ዓይኗን ሳታሽ «አለኝ» ብላለች። ሥራው ዕቃ ጭኖ ከቤት ቤት መዞር ስለሆነ መኪና ከሌለ ሥራ የለም። መኪና ማለት ደግሞ ይቺ ቮልስ ናት። የጋሼ ዓይን ስለደከመ መንጃ ፈቃዳቸው አልታደሰም፤ ማዕዶት ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ፣ ሐኪም ቤትም ታደርሳቸዋለች፤ በቀረው ጊዜ ቁልፉ የሷ ነው። ስምምነታቸው ይሄ ነበር።

ቮልሷን ጋሼ ሰይፈሥላሴ ጋራዣቸው ውስጥ ፈታትተው፣ ሞተሯንና ካምቢዮዋን አውርደው፣ ቀለም ቀብተው፣ ብቻቸውን መልሰው የገጠሟት ናት። «የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት አንድ ቡሎን አታገኙም» ይላሉ፤ ባይጠየቁም ይላሉ። ይሄንን ሲሉ ማንም አያቋርጣቸውም። ፌርፋክስ ላይ ከሚታየው ሐበሻ ግማሹ አሜሪካ የገባ ዕለት የተኛው እሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው። ከኤርፖርት ያመጡት እሳቸው ናቸው፣ ወረቀቱን የፈረሙለት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ሰው ጣራ ጣራውን ያያል።

ኬብሉን ሁልጊዜ የሚቀይረው ፍሬአብ ነው። ፍሬአብ ፒኮ አጠገብ ትንሽ ጋራዥ አለው። በልጅነቱ ስለመጣ አማርኛው ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ አንቱ ማለት አይችልም፣ ግን ክፉ ቃል አይወጣውም። እሁድ እሁድ በጴንጤዎቹ ቸርች ኪቦርድ ይጫወታል።

«ሶ፣ ቼንጅ አድርጌዋለሁ» አላት ማክሰኞ ልትወስድ ስትመጣ። «እግርሽን ብቻ ፔዳሉ ላይ ሬስት አታድርጊ። ኦኬ?»

«የተበጠሰው የታለ?»

«ጣልኩት።»

«የት?»

«ማዕዶት፣ ትራሽ ነው። ምን ያደርግልሻል?»

የቆሻሻ በርሜሉን ገልብጣ እስከ ክርኗ ገባችበት፣ ኬብሉንም ጎትታ አወጣችው። ደጅ ወስዳ ፀሐይ ላይ አየችው። አርጅቶ የሚበጠስ ኬብል ሽቦው አንድ በአንድ እየተመዘዘ፣ እንደ ተፈታ ሹሩባ ተንጨፍሮ ነው የሚያልቀው። ይሄ ግን አልተንጨፈረም። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ መልካቸው ወደ ሰማያዊ ሄዷል፤ የተበጠሰበት ጫፍ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያሉ የቀለጡ ጠብታዎች አሉ። ግራሱ ከስሎ ሬንጅ ሆኗል።

«ፍሬአብ፣ ይሄ የተበጠሰ ነው ወይስ የተቃጠለ?»

«ፍሪክሽን ነው። ሂት ያደርጋል።»

«የኔ እግር ብረት ያቀልጣል?»

«ፕሊስ» አላት መሬት መሬት እያየ። «እኔ ኬብል ነው የምቀይረው። ሌላ ነገር አላውቅም።»

አለማወቁ ነው ብላ ናቀችው። ኬብሉን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቮልሷ ቁልፍ ሲዞርባት ሞተሯን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንደ በሽተኛ ያቃስታል። ባትሪው አዲስ ነው። ጋሼ «አሮጌ ስለሆነች ነው፤ እኔም ጠዋት ስነሳ እንደዚያ ነኝ» ይላሉ። ማዕዶትም እስካሁን እንደ ቀልድ ስታልፈው ነበር፤ ኬብሉን ካየች በኋላ ግን ቀልድ አልመሰላትም። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ጋሼ ተኝተው ነበር። የቮልቴጅ መለኪያዋን ይዛ መኪናውን በክሪክ አነሳችና ከሥሩ ገባች።

ነገሩ ለሚያስብ ሰው ከባድ አይደለም። ከባትሪው ወጥቶ ሞተሪኖውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል። ሞተሩና ካምቢዮው ግን ከመኪናው አካል ጋር የተያያዙት በጎማ ትራስ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከካምቢዮው ወደ መኪናው አካል የሚዘረጋ አንድ የግራውንድ ገመድ አለ፤ ከመዳብ የተጎነጎነ፣ ጠፍጣፋ፣ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን። እሱ ከሌለ ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ያገኘውን ብረት ይዞ ይመለሳል። ከካምቢዮው ተነስቶ ፊት ድረስ የሚሄደው ብረት ደግሞ የፍሪሲዮን ኬብል ነው። መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ኬብሉ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ግሎ ግሎ ጥንካሬው ሲያልቅ ከሚረግጠው ሰው እግር ሥር ይበጠሳል።

ማዕዶት በጀርባዋ ተኝታ ሁለቱን ቡሎኖች አገኘች። አንዱ ካምቢዮው አፍንጫ ላይ ነው፣ ሌላው እሱ ትይዩ የመኪናው አካል ላይ። በመካከላቸው ምንም የለም። የቡሎኖቹ ቀለም እንኳ አልተላጠም። መኪናዋ ከተገጠመች ጀምሮ ገመድ ታስሮባቸው አያውቅም። መለኪያውን በሁለቱ መካከል አድርጋ ቁልፉን ስታዞር፣ ዜሮ አካባቢ መሆን የነበረበት ቁጥር ሰባት ቮልት አለ። ከመኪናዋ የፊት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የባትሪ ማስነሻ ሽቦ አምጥታ ሁለቱን ቡሎኖች አገናኘችና እንደገና አዞረች። ሲያቃስት የኖረው ሞተሪኖ እንደ ጎረምሳ ተፈተለከ።

ያን ቀን ማታውን ገመዱን ገዛች። አስራው ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ሁለት ቡሎን ማላላትና ማጥበቅ ነው፣ ጋሼ ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ያልቃል። ኬብሉ ዳግመኛ አይበጠስም፣ ሰኞ ሃውቶርን ትሄዳለች፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። አሰበችበት። ግን ያኔ «መከርናት፣ እግሯን አረመች» ይባላል። ጋሽ አድማሱ ሩሎ የሚለውን ቀልድ እስኪሞቱ ድረስ ይቀልዱበታል። ገመዱን ከነማሸጊያው ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችና ቅዳሜን ጠበቀች። በእነዚያ ቀናት መኪናዋን ያስነሳችው ማስነሻ ሽቦውን እያገናኘች ነው።

ቅዳሜ ሬስቶራንቱ ጀርባ፣ ከጥላው ሥር፣ ወንዶቹ ዱለት ከበዋል። ፍሬአብም የሰው መኪና ሊያይ በራሱ መኪና መጥቶ አጠገባቸው ቆሟል። ጋሼ ሰይፈሥላሴ እጃቸውን ሊታጠቡ ገብተዋል። ማዕዶት ቮልሷን ከጠረጴዛው ፊት አቁማ የማስነሻ ሽቦውን ፈታች። ለሻማዎቹ ብልጭታ ከሚሰጠው ኮይል ላይ አንድ ሽቦ ነቀለች፤ ሞተሪኖው እንዲዞር፣ ሞተሩ ግን እንዳይነሳ። ከዚያ የተቃጠለውን ኬብል ከቦርሳዋ አውጥታ ዱለቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሽ አድማሱ፣ ይቺን ይዩልኝ።»

«ምግብ ላይ ነን የኔ ልጅ።»

«ይዩት። የተበጠሰ ሳይሆን የተቃጠለ ነው። መኪናዋ የግራውንድ ገመድ የላትም። ኤሌክትሪኩ በኬብሉ ነው የሚሄደው። የኔ እግር ምንም የለበትም።»

ጋሽ አድማሱ ጉርሻቸውን አላመጡና ዋጡ። ወደ ጓሮው በር አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናውቃለን።»

«ምን?»

«እናውቃለን እኮ። የመጀመሪያው የተበጠሰ ጊዜ ነው ፍሬአብ የነገረን። አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ዘመን መኪና ነዳሁ? ሞተሪኖው ሲያለቅስ አይሰማኝም?»

ማዕዶት ወደ ፍሬአብ ዞረች። ፍሬአብ ጫማውን እያየ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገራችኋቸውም?»

«ማን? ሰይፈሥላሴን? ‹የሌላ ሰው እጅ አላረፈባትም› ሲል የኖረውን ሰው? ‹ገመድ ረስተሃል› ብዬ? በምን አፌ?»

«ስለዚህ እግሬ ይሁን አላችሁ።»

«እግር ምን ይሆናል?» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ ሳህን ሊያነሱ መጥተው። «የሰው ስም አይደል፣ ክብር አይደል። እግር ነው! ‹አዎ እግሬ ነው› ብለሽ ብትስቂ ኖሮ እስካሁን ተረስቷል። አሁንም ሳይመጡ አንሺው ይሄን።»

«እሳቸውስ ያውቃሉ?»

ጋሽ አድማሱ ኬብሉን በወረቀት ሸፈኑት። ያኔ ገባት። እንኳን እነዚህ፣ ራሳቸው ጋሼም ያውቃሉ። በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ያላወቀች እሷ ብቻ ነበረች፤ በመለኪያ ለክታ፣ ከመኪና ሥር ተንፏቃ የደረሰችበትን ነገር እነሱ ከዱለት ጋር ሲያላምጡት ከርመዋል።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ እጃቸውን እያራገፉ ወጡ። ሁሉም ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው አገኟቸው።

«ምንድነው?»

«ምንም» አሉ ጋሽ አድማሱ። «ና ቁጭ በል፣ ቀዘቀዘ።»

«የግራውንድ ገመድ የለውም ጋሼ» አለች ማዕዶት። «ሲገጥሙት ረስተውታል። ኬብሉን የሚያቃጥለው እሱ ነው።»

አንድ ሰው ሳል ጀመረው። ጋሼ ወደሷ አልዞሩም፤ ወደ ወንዶቹ ነው የተናገሩት።

«እኔ ረሳሁ?»

«ኧረ በጭራሽ» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«ልጅ ናት፣ ተዋት» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ።

«አልተዋትም። ትምህርቷን ነው የምታሳየን። ቆይ እኔ ደግሞ ላሳያት።» በሩን ከፍተው መሪው ኋላ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ስለደከመ መሪውን በዳሰሳ ካልሆነ አያገኙትም። «እንግዲህ የኔ እግር ነው፤ እዩ። ፍሪሲዮን እንዲህ ነው የሚረገጠው።»

ረገጡና ቁልፉን አዞሩ። ሞተሪኖው አቃሰተ። ሞተሩ አልተነሳም።

«ከኮይሉ ነቅያለሁ ጋሼ፤ አይነሳም» አለች።

«ይነሳል።»

እንደገና አዞሩ። ይዘው ቆዩ። አሁንም አዞሩ። የሞተሪኖው ድምፅ እየወፈረ፣ እየከበደ መጣ። ከመቀመጫዎቹ መካከል፣ ኬብሉ ከሚያልፍበት የወለል ጉብታ ጫፍ፣ ቀጭን ጭስ ብቅ አለ። የተቃጠለ ግራስ ሽታ ጠረጴዛው ድረስ ደረሰ። ወንዶቹ ሳህናቸውን ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ አንድም ሰው ግን «ይበቃል» አላለም።

«ጋሼ፣ ስቶፕ አድርግ! ኢናፍ ነው!» አለ ፍሬአብ። ከዚያ ወደ ማዕዶት ሮጠ። «ሽቦው እጅሽ ላይ ነው እኮ! አገናኚው!»

ማስነሻ ሽቦው እውነትም እጇ ላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሁለት ቦታ ማስነከስ ነው። ማዕዶት አልጎነበሰችም። ሥራዋም በዚያ ኬብል ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ከተበጠሰ ሰኞ እንደሌለ ታውቃለች። ቢሆንም እግሩ የማን እንደሆነ ማየት ፈለገች።

ጣ አለ። ፔዳሉ ከዳ፤ ባለ በሌለ ኃይላቸው ሲረግጡ የነበሩት ጋሼ ወደ ፊት ተንሸራተቱና ጉልበታቸው ከመሪው ሥር ካለው ብረት ጋር ተላተመ። ፍሬአብ ሊደግፋቸው ሄደ፤ እጁን አራገፉት። ቀስ ብለው ወረዱ። ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

«አራተኛው ነው» አሉ። «ተነጋግረናል።»

«የማን እግር ላይ ተበጠሰ ጋሼ?»

«አንቺ ስታደክሚው ከርመሽ ነው። እኔ ላይ ተበጠሰ እንጂ የበጠስሽው አንቺ ነሽ።»

ማዕዶት ዙሪያውን አየች። አንድ ሰው እንዲስቅ፣ ቢያንስ አንዱ ፊቱን እንዲያዞር ጠበቀች።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ጋሽ አድማሱ ቀስ ብለው። «የተዳከመ ነገር መጨረሻ በነካው ሰው ላይ ነው የሚበጠሰው።»

«እንግዲህ ሰኞ» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። ገብተው ሽርጡን አመጡና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉት። «በጊዜ ነይ። ሽንኩርት አለ።»

ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ጋሼ ሰይፈሥላሴ እያነከሱ ሄደው ከጫፉ ተቀመጡ፤ ጋሽ አድማሱ አጎረሷቸው። ማዕዶት ሽርጡን ከትከሻዋ አውርዳ ቮልሷ ጣራ ላይ አስቀመጠችው። ፍሬአብ ወደ ራሱ መኪና ሲሄድ ተከተለችው።

«ሶሪ» አላት። «ሪሊ ሶሪ። እኔ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ግን ጋሼ እኮ እናቴን…»

«ሦስት ኬብል ነው የሸጥክልኝ።»

«ማዕዶት።»

«እንደሚቃጠል እያወቅክ። ከቲኬት ቤት ደሞዜ ላይ። ‹እግርሽን ሬስት አታድርጊ› እያልክ።»

«ምን እንዳደርግ ነው የምትፈልጊው?»

«መኪናህን ሰኞ ስጠኝ። ሰኞ ብቻ ሳይሆን ሌላ እስካገኝ ድረስ።»

ፍሬአብ የሳቀ መሰለ። «ዊዝ ዋት? እኔስ በምን ልሥራ? ኖ፣ ኖ። አይ ካንት።»

«ነገ እሁድ ነው» አለች ማዕዶት። «ቸርቻችሁ ምስክርነት ይሰጣል አይደል? ማይኩን የፈለገ ሁሉ ይይዛል፤ አንተ ነህ የነገርከኝ። ኦርቶዶክስም ብሆን አይከለክሉኝም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ጌታ የተቃጠለ ኬብል እንዴት እንዳሳየኝ እመሰክራለሁ። አንተ ኪቦርዱን ከሥር ቀስ እያልክ ትጫወትልኛለህ።»

ፍሬአብ ፊቱ አመድ መሰለ። እዚህ አካባቢ ለሷ ደግ የነበረው እሱ ብቻ ነው። አርፍዳ ስትወጣ ግሌንዴል ድረስ ሄዶ ያመጣት ቀን አለ፤ ከዚያም በኋላ ስልክ ሲደውል ድምፁ ይለወጥ ነበር። ማዕዶት ይሄንን ሁሉ ታውቃለች። እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

«አንቺ ግን ሚን ነሽ፤ ጨካኝ» አላት ቁልፉን ሲሰጣት። ፒኮ ድረስ በእግሩ ሄደ።

ሰኞ ጧት ማዕዶት ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ የፍሬአብ መኪና አጠገብ ቆመዋል። ጉልበታቸው አብጦ ሱሪው ወጥሮታል።

«ይሄ ፍሬአብ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። «መኪና እንደሌለኝ አውቆ ላከልኝ። ክፈቺልኝ።»

ከፈተችላቸው። ከዘራቸውን ተቀብላ አስገባችላቸው፣ ቀበቷቸውን አሰረችላቸው። ሻንጣዋን ከኋላ ስትጭን ድምፁን ሰሙ።

«ምንድነው እሱ?»

«ልብስ ነው።»

«የዓይን ሐኪሜ ሚራክል ማይል፣ ዊልሸር መንገድ ላይ ነው፤ ታውቂዋለሽ። እዚያ ትጠብቂኝና ወሰንየለሽ ጋ እንሄዳለን። ሽርጥሽን ይዘሻል?»

ማዕዶት ፌርፋክስን ይዛ ትንሽ ነዳች። ጧት ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው። ሚራክል ማይል ቅርብ ነው፤ አድርሳቸው ብትመለስ ምንም አይጎድልባትም።

«አደርስዎታለሁ ጋሼ» አለች። «ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይበሉኝ።»

«ምን ልበልሽ?»

«‹ገመዱን ረስቼ ነው› ይበሉኝ። ሰው የለም። ወሰንየለሽ የሉም፣ አድማሱ የሉም። እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ይበሉኝና ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ደግፌ አስገባዎታለሁ።»

ጋሼ ሰይፈሥላሴ በመስታወቱ ውጪውን አዩ፤ ምን ያህል እንደሚታያቸው እግዜር ይወቅ። መንጋጋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን የሚያመጡት መስሏት ነበር።

«እግርሽ ነው» አሉ።

ማዕዶት ፍሬቻ አብርታ የአውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ያዘች።

«ይውረዱ ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«አውቶቡሱ እዚህ ጋ ይቆማል። ዊልሸር ሲደርሱ እንዲነግርዎት ሾፌሩን ይጠይቁት።»

«ቁጥሩ አይታየኝም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ከኤርፖርት ያመጣሁሽ እኔ ነኝ!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ባዶ እጅሽን የመጣሽ! አባትሽ ይሄንን ቢሰማ…»

«አዎ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያመጡኝ። ሁለት ቃል እኮ ነው። ‹ረስቼ ነው።›»

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀመጡ። ከዚያ የበሩን መክፈቻ እየዳሰሱ መፈለግ ጀመሩ። ማዕዶት ወርዳ ዞራ ከፈተችላቸው። እንደ ጨዋ ልጅ ክንዳቸውን ደገፈች፤ ያበጠው ጉልበታቸው እንዳይነካ ቀስ ብላ አወረደቻቸው፤ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከለችላቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ተስተካከሉላት። አሁንም ቢሉት ኖሮ ትመልሳቸው ነበር። አላሉትም።

መኪናውን አዙራ ወደ ደቡብ ስትነዳ በመስታወት አየቻቸው። ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ለሚያልፍ የቆሻሻ መኪና እያሳዩ ነበር። የቆሻሻ መኪናው አልፏቸው ሄደ። ከዘራቸውን ሳያወርዱ የሚቀጥለውን ጠበቁ።

ሃውቶርን የደረሰችው የድርጅቱ ግቢ በር ገና ሳይከፈት ነው።